ፕሮጀክተር ሲመረጥ፦ በሆሳዕናና በዱራሜ ትልቅ ስክሪን ለመትከል ላሰቡ

ሆሳዕና በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። የክልል መቀመጫ የሆነ ከተማ ደግሞ ስብሰባ፣ ሥልጠናና እንግዳ አያጣውም። ሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ ይፈልጋል፤ የስብሰባ አዳራሹም ትልቅ ስክሪን ይፈልጋል። በሌላ በኩል በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ የሀዲያና የከምባታ ልጆች በሚልኩት ገንዘብ የሚሠሩት ቤቶች ሳሎናቸው ሰፋ ያለ በመሆኑ፣ ባለቤቶቹ «ሆም ቲያትር» ማስገባት ያምራቸዋል። ኳስ ማሳያ ቤቶቹም ደንበኛቸውን ከጎረቤት ላለመነጠቅ ስክሪናቸውን ማስፋት ግድ ሆኖባቸዋል።

ይህ ሁሉ ፍላጎት ባለበት ገበያ ውስጥ ፕሮጀክተር የሚሸጠውም የሚገዛውም በአብዛኛው ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ኳስ ማሳያ ሊከፍት ያሰበ ወጣት ወንድሙ ከጆሃንስበርግ የላከለትን ገንዘብ በአንድ ዕቃ ላይ ካዋለ በኋላ ምስሉ በቀን ብርሃን እንደ ጭስ የደበዘዘ ከሆነበት፣ የጠፋው የአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩ፣ የዲሽ ክፍያውና የወንበሩ ወጪ ሁሉ አብሮ ይቆማል። በመሆኑም በዛሬው ዓምዳችን ገዢው፣ ነጋዴውና አገናኙ ደላላ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቅደም ተከተል እናያለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት ነው የሚታየው?

ብዙ ገዢዎች ሱቅ እንደገቡ «ስንት ነው?» ይላሉ። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «በስንት ሰዓት ነው የማሳየው?» የሚለው ነው። ፕሮጀክተር እንደ ቴሌቪዥን ከራሱ ገጽ ብርሃን አይሰጥም፤ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ ይጥላል። ግድግዳው ላይ የፀሐይ ብርሃን ካለ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መፍጠር አይችልም። በስክሪኑ ላይ ጥቁር የሚባለው ክፍሉ ውስጥ ያለው ጨለማ ነውና፣ ክፍሉ ካልጨለመ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል።

እስቲ የኳሱን ሰዓት እንመልከት። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር አንዳንድ ወራት ከቀኑ 8፡30፣ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደኋላ በሚመልሱባቸው የብርድ ወራት ደግሞ ከቀኑ 9፡30 ይጀምራል። ዋናዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች እንደ ወራቱ በ11 ወይም በ12 ሰዓት ላይ ይውላሉ። የሻምፒዮንስ ሊጉ ዘግየት ያለው ጨዋታ ግን ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሀዲያ ሆሳዕና ከከተማው ርቆ ሲጫወት ደጋፊው ቡድኑን የሚያየው በስክሪን ሆኗል፤ ይህም ከሰዓት በኋላ በፀሐይ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ነው። እንግዲህ ለሻምፒዮንስ ሊግ ብቻ የሚሠራ ቤት ቀላል መሣሪያ ይበቃዋል። የቅዳሜውን የቀን ገበያ የሚፈልግ ግን ወይ ኃይለኛ መሣሪያ መግዛት፣ ወይ ቤቱን ማጨለም አለበት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚረክስ ወደ ታች በሂሳብ እናሳያለን።

በአካባቢው ሌላው ትልቅ ተጠቃሚ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች በሀዲያና በከምባታ ብዙ ምእመን ያላቸው ሲሆኑ፣ የእሑድ ጠዋት አምልኮ በጠራራ ብርሃንና መስኮት ተከፍቶ የሚካሄድ ነው። ለመዝሙር ግጥም የሚገዛ ፕሮጀክተርና ለፊልም የሚገዛ ፕሮጀክተር አንድ አይደሉም። ለጽሑፍ ብሩህነት ይቀድማል፤ ለፊልም የቀለምና የጥቁሩ ጥራት ይቀድማል። ብርሃን በበዛበት አዳራሽ ጽሑፉን ከጥቁር መደብ ላይ በነጭ ከመጻፍ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር መጻፍና ፊደሉን ማተለቅ አንድም ሳንቲም የማያስወጣ መፍትሔ ነው።

ሉመንና የካርቶኑ ቁጥር

ሉመን ማለት ከመሣሪያው የሚወጣው የብርሃን ብዛት ነው። ሉክስ ደግሞ ያ ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ የሚኖረው መጠን ነው። አንድ ቁና ስንዴ በአንድ ጥማድ ላይ ሲዘራና በሁለት ጥማድ ላይ ሲዘራ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ገበሬው ያውቃል። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ይሳሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሉመኑን ለስክሪኑ ስፋት በካሬ ሜትር ያካፍሏል። በተለመደው የሰፊ ስክሪን ቅርጽ 100 ኢንች የሚባለው ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር፣ ስፋቱም 2.8 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 120 ኢንች 4 ካሬ ሜትር ይሆናል። 150 ኢንች 6.2 ካሬ ሜትር፣ 200 ኢንች ደግሞ 11 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ እውነተኛ 3,000 ሉመን ያለው መሣሪያ በ100 ኢንች ላይ 1,087 ሉክስ ገደማ ሲሰጥ፣ በ150 ኢንች 484፣ በ200 ኢንች 273 ብቻ ይሰጣል። ከ100 ወደ 200 ኢንች የሄደ ሰው ስክሪኑን እጥፍ ያደረገ ቢመስለውም ብርሃኑን ወደ ሩብ አውርዶታል።

«እውነተኛ» ያልነው በምክንያት ነው። በዓለም ገበያ የታወቁት መለኪያዎች አንሲ ሉመን እና አይኤስኦ 21118 የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ብርሃኑን በስክሪኑ በርካታ ቦታዎች ለክተው አማካዩን ይወስዳሉ። ትናንሾቹና ርካሾቹ የኤልኢዲ መሣሪያዎች ግን ካርቶናቸው ላይ «9,000 ሉመን» ወይም «12,000 ሉመን» ብለው ሲጽፉ መለኪያውን አይናገሩም። እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ በአንሲ ሲለኩ ጥቂት መቶ ሉመን ብቻ ሆነው ይገኛሉ። 300 አንሲ ሉመን በ120 ኢንች ላይ 75 ሉክስ ነው፤ መስኮቱ ከሚያስገባው ብርሃን ያነሰ ማለት ነው።

ካርቶኑን ለመፈተን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ማየት ነው። በእጅ የሚያዝና 60 ዋት የሚበላ ዕቃ በሺህ የሚቆጠር እውነተኛ ሉመን ሊሰጥ አይችልም። የአምፖል ፕሮጀክተር 3,000 ሉመን ለመስጠት ከ250 እስከ 350 ዋት አካባቢ ይበላል። ቁጥሩ ሊዋሽ ይችላል፤ ቆጣሪው ግን አይዋሽም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። እውነተኛው ሉመን እንኳ የሚለካው መሣሪያው በጣም በሚያበራበት ቅንብር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ምስሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሣሩ ሣር፣ ፊቱም ፊት እንዲመስል ሲስተካከል ብርሃኑ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከሚያስፈልገው ጨመር አድርጎ መግዛቱ ይመከራል።

መጋረጃ ወይስ ሁለተኛ መሣሪያ?

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። በሙያው የታወቀ የንጽጽር መለኪያ አለ። ግድግዳው ላይ ያለው የፕሮጀክተሩ ብርሃንና የክፍሉ ብርሃን ተደምሮ ለክፍሉ ብርሃን ብቻ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። እንዲያው ለመመልከት ያህል 7 ለ 1፣ ለስብሰባና ለሥልጠና 15 ለ 1፣ በጥራት ለሚታይ ፊልም 80 ለ 1 ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በአንድ ኳስ ማሳያ ቤት ግድግዳ ላይ 100 ሉክስ የፀሐይ ብርሃን አለ እንበል። 3,000 ሉመን መሣሪያ በ150 ኢንች 484 ሉክስ ይጥላል። ድምሩ 584፣ ለ100 ሲካፈል 5.8 ነው። ከትንሹ መለኪያ ከ7 እንኳ ያንሳል፤ ተጫዋቹ ይታያል፣ ማሊያው ግን ይደበዝዛል። ባለቤቱ በመስኮቱና በበሩ ላይ ወፍራም ጨርቅ ቢሰቅልና የግድግዳውን ብርሃን ወደ 30 ሉክስ ቢያወርደው፣ ያው መሣሪያ 17 ለ 1 ይሆናል። ይህንኑ 17 ለ 1 መስኮቱን ሳይዘጋ ለማግኘት ቢፈልግ ግን ወደ 10,000 ሉመን የሚጠጋ መሣሪያ መግዛት ሊኖርበት ነው።

እንግዲህ ጥቂት ሜትር ጨርቅ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ገንዘብ ያነሰው ሰው መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሳይሆን ወደ ጨርቅ ተራ ይሂድ። ጣሪያው ላይ ብርሃን አስገቢ ፕላስቲክ ያለበት አዳራሽ ከሆነ እሱን መሸፈን ያስፈልጋል። ስክሪኑ የሚሰቀልበትም ግድግዳ ከመስኮት ትይዩ አይሁን፤ በተለይ ወደ ምዕራብ የሚከፈት በር የከሰዓት ፀሐይን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይጥለዋል። ስክሪኑ አጠገብ ያለውን ጣሪያና ግድግዳ ጠቆር ያለ ቀለም መቀባትም ይረዳል፤ ነጭ ቀለም ብርሃኑን መልሶ ወደ ስክሪኑ ይልከዋልና።

ቤቱ ምን ያህል ብርሃን እንዳለበት ለማወቅ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን የሉክስ መለኪያ ይበቃል። ፍጹም ትክክል ባይሆንም ግምት ይሰጣል። መለካት ያለበት ግን ስክሪኑ በሚሰቀልበት ቦታ፣ ስልኩን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ጨዋታው በሚታይበት ሰዓት ነው። ማታ ለክቶ ለቀን መግዛት ትርፉ ጸጸት ነው።

የክፍሉ ርዝመት ምን ይፈቅዳል?

እያንዳንዱ ፕሮጀክተር የመጣያ ርቀት መጠን አለው። ይኸውም ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ለስክሪኑ ወርድ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ ለ120 ኢንች ስክሪን፣ ማለትም ለ2.66 ሜትር ወርድ፣ 4 ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። የመሣሪያው አካል፣ ገመዱና የአየር መውጫው ሌላ ግማሽ ሜትር ይወስዳሉ። ስለዚህ ግድግዳ ለግድግዳ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን በዚህ መሣሪያ 120 ኢንች አይችልም። 100 ኢንች ግን በ3.3 ሜትር ስለሚሞላ ይበቃዋል።

ከ1 በታች የሆነ ቁጥር ያላቸው ከቅርብ የሚጥሉ መሣሪያዎች አሉ። ለጠባብ ሳሎን ይመቻሉ፤ ሰውም ፊታቸው ሲያልፍ ጥላ አይጥልም። ነገር ግን የግድግዳውን ትንሽ ጎርባጣነት ሁሉ ያጎሉታል። ጭቃ ምርግ በሆነ ወይም ሊሹ ባልተስተካከለ ግድግዳ ላይ መስመሩ ሁሉ ይጣመማል።

ብዙዎች መሣሪያውን አንድ ጥግ ላይ አኑረው ምስሉ ሲንጋደድ በሪሞት ያስተካክሉታል። ይህ ማስተካከያ ምስሉን ቆርጦና አጣቦ ነው የሚያቃናው፤ ብርሃንም ጥራትም ይቀንሳል። መፍትሔው መሣሪያውን ከስክሪኑ መሐል ትይዩ አድርጎ ጣሪያ ላይ በብረት ማሰር ነው። በብዙ ሕዝብ ቤት ይህ ከሌባም፣ ከቡና ፍንጣቂም ያድናል።

ስለ ተመልካቹ መቀመጫ ደግሞ፣ የመጨረሻው ወንበር ከስክሪኑ ቁመት ስድስት እጥፍ ባይርቅ መልካም ነው። 150 ኢንች ስክሪን 1.87 ሜትር ቁመት ስላለው እስከ 11 ሜትር ያገለግላል። የስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ ግን ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ መሆን አለበት። ጣሪያው ዝቅተኛ ሆኖ 200 ኢንች የሰቀለ ሰው የስክሪኑን ሲሶ ለፊተኛው ረድፍ ራስ ያስረክባል።

ጥራት፦ «ይቀበላል» እና «ያሳያል» አንድ አይደሉም

ካርቶን ላይ «1080 ይደግፋል» ወይም «4ኬ ይደግፋል» የሚል ጽሑፍ ካለ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። መሣሪያው ያንን ምስል መቀበል ይችላል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት የመሣሪያው የራሱ የነጥብ ብዛት ስንት እንደሆነ ነው። 1280 በ720 ወይም 1280 በ800 ለስብሰባና ለመዝሙር ጽሑፍ ይበቃል። 150 ኢንች ላይ ኳስ ለማሳየት ግን 1920 በ1080 ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ኳሷ በሜዳው ማዶ ስትሆን የሚታወቀው በዚህ ነው። 4ኬ ለአብዛኛው የአካባቢያችን ሥራ ገና ቅንጦት ነው፤ የሚመጣው ሥርጭት በዚያ ጥራት ካልሆነ ገዢው የከፈለበትን አያየውም።

በአሠራር ረገድ ገበያው በሁለት ዋና ዋና ወገኖች ይከፈላል። አንዱ ዲኤልፒ ነው፤ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ላሪ ሆርንቤክ የፈለሰፈው፣ በጥቃቅን መስተዋቶች የሚሠራ ነው። ጥቁሩ ደህና ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ ቺፑ ቀለማቱን በሚሽከረከር የቀለም ማጣሪያ እየተፈራረቀ ስለሚያሳይ፣ አንዳንድ ሰው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የቀስተ ደመና ብልጭታ ያያል። ሌላው በሦስት የኤልሲዲ ሰሌዳ የሚሠራውና ኤፕሰን በሰፊው የሚታወቅበት ነው። የቀለሙ ብርሃን ከነጩ ብርሃን ጋር እኩል በመሆኑ ለአረንጓዴ ሜዳና ለብሩህ አዳራሽ ይመቻል። አቧራ ማጣሪያው ግን መጽዳት አለበት። ለዚህ ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያዩ «ይኼኛው ይበልጣል» ማለት የማይቻለው።

አምፖል ወይስ ሌዘር?

አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲገዛ ይረክሳል፤ አምፖሉ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ሠርቶ መለወጥ አለበት። ሌዘር ሲገዛ ይወደዳል፤ ብርሃኑ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ድረስ 20,000 ሰዓት ገደማ ይሠራል።

ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳንል፣ የአምፖሉ መሣሪያ 60,000 ብር፣ አምፖሉ 12,000 ብር፣ ሌዘሩ ደግሞ 120,000 ብር ነው እንበል። አምፖሉ 4,000 ሰዓት ቢሠራ፣ 12,000 ሰዓት ለማሳየት መሣሪያውና ሁለት ተጨማሪ አምፖሎች 84,000 ብር ይፈጃሉ፤ በሰዓት 7 ብር ነው። ሌዘሩ በ20,000 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 6 ብር ይሆናል። በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ ኳስ ማሳያ ቤት በሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት አንድ አምፖል ይጨርሳልና፣ ሌዘሩ ያዋጣዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ለሁለት ሁለት ሰዓት ፊልም የሚያይ ቤተሰብ ግን በዓመት 208 ሰዓት ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ያው አምፖል 19 ዓመት ሊደርስለት ነው። ለእሱ ሌዘር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል።

አንድ ነገር ግን ሂሳቡን ይለውጠዋል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ይሄዳል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሚገዛው አምፖል በዛሬ ዋጋ አይገኝ ይሆናል። ስለዚህ የአምፖል መሣሪያ የሚገዛ ነጋዴ መለዋወጫውን አብሮ መግዛት፣ ቢያንስ ሞዴሉ ጊዜው ያላለፈበትና አምፖሉ አዲስ አበባ የሚገኝ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የአምፖሉ ዓይነት ሜርኩሪ ስላለበት ከፈነዳ ክፍሉን ለቆ መስኮት መክፈትም ያስፈልጋል።

የደጋው አየር፣ አቧራውና መብራቱ

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ዱራሜም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን አያነሳም። በመሆኑም ብዙዎቹ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲኮን «የከፍተኛ ቦታ» ወይም «ሃይ አልቲትዩድ» የሚባለው ቅንብር እንዲበራ ያዝዛሉ። ይህ ቅንብር ማራገቢያውን ያፈጥናል። ድምፁ ይጨምራል፤ አምፖሉ ግን ይተርፋል። ዱባይ ወይም ደርባን ደህና ሲሠራ የቆየ መሣሪያ እዚህ መጥቶ እየጠፋ የሚያስቸግረው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቅንብሩ ሜኑ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ዕቃው ለእኛ ከፍታ አልተሠራም ማለት ሊሆን ይችላልና ሌላ መፈለግ ይሻላል።

በበጋ ወራት አቧራ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ የእጣንና የከሰል ጭስ የመሣሪያው ጠላቶች ናቸው። ጭሱ ሌንሱ ላይ ስስ ቅባት ይሠራል፤ አቧራው በዚያ ላይ ይጣበቃል። የቡና ረከቦቱ ከመሣሪያው ሥር አይሁን። ማጣሪያ ያለው መሣሪያ በበጋ በየወሩ ቢጸዳ መልካም ነው።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የጋለ አምፖል ማራገቢያ ሳይኖረው ይቀራል፤ ይህ ዕድሜውን ይቀንሳል። የአምፖል ፕሮጀክተር 300 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ 1,000 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ይይዘዋል፤ ያችም መሣሪያውን በወጉ አቀዝቅዞ ለመዝጋት ወይም ጄኔሬተር ለማስነሳት ትበቃለች። ቮልቴጁ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ግዴታ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ዕቃ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ሦስት ድቡልቡል እግር ያለው መሰኪያው ግን መቀየር አለበት። ከአሜሪካ የሚመጣው ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ከሌለበት በቀጥታ አይሰካ።

ስክሪኑና ድምፁ

ለረዥም ጊዜ አቡጀዲ የብዙ ቪዲዮ ቤት ስክሪን ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም ለጊዜው ይሠራል። ጉድለቱ ብርሃን ወደ ኋላ ማሳለፉ ነው፤ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ቢደረብለት ይሻሻላል። ግድግዳው በደንብ ከተለሰነና ብርቅርቅታ የሌለው ነጭ ቀለም ከተቀባ ከብዙ ርካሽ ስክሪን አያንስም። ዳር ዳሩን ጥቁር ቀለም ማስከበብ ምስሉን ያጎላዋል። ግራጫ ስክሪን ጥቁሩን ያሻሽላል፤ የሚጠቅመው ግን ብርሃን ለተረፈው መሣሪያ ነው።

ድምፅን በሚመለከት የፕሮጀክተሩ የራሱ ድምፅ ማውጫ ለአዳራሽ አይሆንም። ከሪሲቨሩ በቀጥታ በገመድ ወደ ድምፅ ማጉያው መውሰድ ይመረጣል። በብሉቱዝ የሚያገናኝ ሰው ጎል ከገባ በኋላ ጩኸቱ ዘግይቶ ሊመጣበት ይችላል።

ቴሌቪዥን የሚሻለው መቼ ነው?

ሐቁን መናገር ይገባል። መስኮቱን መዝጋት የማይቻል ሆኖ፣ ተመልካቹ ከሃያ ሰው የማይበልጥ ከሆነ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ከፕሮጀክተር ይሻላል። ምግብ ቤት ሆኖ ቀኑን ሙሉ ዜናና ሙዚቃ የሚያሳይም እንዲሁ። ፕሮጀክተር የሚያዋጣው ከ100 ኢንች በላይ ለሚፈልግ፣ ጨለማ ማዘጋጀት ለሚችልና ስክሪኑን ሲፈልግ አጥፎ አዳራሹን ለሠርግ ወይም ለስብሰባ ለሚያከራይ ሰው ነው። በመስቀል ሰሞን፣ የሀዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ ሲከበሩ፣ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የሚገባው ቤተሰብ ብዙ በመሆኑ፣ አዳራሽ ያለው ሰው ለዚያ ጊዜ አስቀድሞ ቢዘጋጅ ይጠቀማል። በዋዜማው የሚገዛ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና ሳይፈትን እንዳይወስድ።

ሲገዙ ምን ይፈተናል?

አንደኛ፣ መሣሪያው ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብራ። በሙቀት የሚጠፋ ዕቃ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ምስል ይጣል። ያገለገለ ዲኤልፒ በጥቁሩ ላይ እንደ ኮከብ ነጫጭ ነጥቦች ካሳየ መስተዋቶቹ እየሞቱ ነው። ኤልሲዲ ነጩ በአንድ በኩል ቢጫ ወይም ሰማያዊ ካለ ሰሌዳው ተቃጥሏል።

ሦስተኛ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ይነበባል? መሐሉ ጠርቶ ዳሩ ከደበዘዘ ሌንሱ ደካማ ነው።

አራተኛ፣ ሜኑ ተከፍቶ የሠራበት ሰዓት ይታይ። የአምፖሉ ሰዓት አምፖል ሲለወጥ ወደ ዜሮ የሚመለስ በመሆኑ፣ የመሣሪያው ጠቅላላ ሰዓት ካለ እሱ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን። ደረሰኝም ይያዝ፤ ድርጅት ሲገዛ ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ ለሂሳብ መዝገብ አይሆንም።

ይህ በተለይ ለደላሎች ይጠቅማል። ኳስ ማሳያ ቤት ከነዕቃው ሲተላለፍ «ፕሮጀክተሩም አብሮ ነው» ይባላል። ዋጋው ግን በተገዛበት ሳይሆን በቀረው ሰዓት ነው መገመት ያለበት። 3,800 ሰዓት የሠራ አምፖል ያለበት ዕቃ ገዢው በሚቀጥለው ወር ሌላ አምፖል ያስገዛዋል። ይህን ቀድሞ የሚናገር ደላላ የዛሬው ኮሚሽን ቢያንስበትም ደንበኛው አይሸሸውም።

በመጨረሻም የሕጉ ጉዳይ አለ። ለመኖሪያ ቤት የተገዛ የዲሽ ጥቅል ለሕዝብ እያስከፈሉ ለማሳየት አይደለም፤ ለንግድ ቤት የተለየ ውል አለ። ፊልምም እንዲሁ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ትልቅ ስክሪን የተከለ ሰው ከሩቅ ስለሚታይ፣ ፈቃዱንና ውሉን አስቀድሞ ማስተካከሉ ከሁሉ ይቀድማል።

በአጭሩ፦ ሰዓቱን ይወስኑ፤ ብርሃኑን ይለኩ፤ መጋረጃውን ይስቀሉ፤ ከዚያ ርቀቱን ለክተው የስክሪኑን ወርድ ይምረጡ። መሣሪያው የሚመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ገዢ በመርካቶም ሆነ በሆሳዕና ገበያ ካርቶን አያሞኘውም።